ሞተሩ ሲጠፋ የተሰማው ድምፅ

ጣይባ የአጥር መከርከሚያውን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሳች ዕለት አባቷ አጠገቧ ለመቆም እምቢ አሉ። ሽርጣቸውን አጥብቀው በሩ ላይ ቆሙና፣ «እስቲ አስነሺው፤ እኔ ከዚሁ አየዋለሁ» አሏት። ገመዱን ሳበች፤ ሞተሩ አንዴ ሳል ብሎ ዝም አለ። ደግማ ሳበች፤ ጮኸ፤ ጭሱ ቡልቅ አለ። ነዳጅ መስጫውን ጫን ስታደርገው፣ በግራና በቀኝ ጥርስ ያወጣው ረጅም ስለት ዓይን እስኪያታልል ድረስ ይመላለስ ጀመር። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥር ሲከረክሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በቅርብ አይተው አያውቁም።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ከበሩ። «ይሄማ መቀስ አይደለም። ይሄ አውሬ ነው።»

ኮምቦልቻ ውስጥ ደህና አጥር ያለው ሰው ሁሉ ጀማሉዲንን ያውቃቸዋል። ጥዱን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገው፣ ኮሽሙን ደግሞ እሾሁ መንገደኛ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ አስተኝተው የሚከረክሙት በትልቅ የእጅ መቀስ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የእጃቸው አንጓ ከዳቸው፤ መቀሱን ሲከፍቱት ይከፈታል፣ ሲዘጉት ግን እጃቸው አልታዘዝ ይላል። በዚያው ሰሞን ጣይባ የምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራው ቀዝቅዞ እሷም ቤት ዋለች። አንድ ሆቴል ግቢውን ሲሚንቶ አልብሶ አትክልቱን ሲያጠፋ፣ የማያስፈልገው የቤንዚን መከርከሚያ በርካሽ ተገዝቶ እነሱ ቤት ገባ። አባትየው የአጥርን ጠባይ ያውቃሉ፣ ልጅቱ የማሽንን ጠባይ ታውቃለች፤ ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ ባለሙያ ይወጣቸዋል ተባለ።

ማሽኑን ፈታቶ፣ አጥቦ፣ ስለቱን ስሎ ያስረከባቸው ሂሻም የሚባል የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ነው።

«እህቴ፣ ፋብሪካ ውስጥ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ ማሽን ዘመድ እንደማያውቅ ላንቺ አልነግርሽም» አላት። «ይሄኛው ሁለቱንም እጅሽን ይፈልጋል። አንዱን ለቅቀሽ ቅርንጫፍ ልትይዢ ካሰብሽ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፊ። ጣትሽን ከነዳጅ መስጫው ስላነሳሽ ብቻ ስለቱ የቆመ እንዳይመስልሽ፤ መቆሙን በዓይንሽ ሳታዪ እንዳታምኚው። ሽቦ ወይ እንጨት ከተሰነቀረበት ሞተሩን አጥፊ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀይ፣ እጅ የሚጠጋው ከዚያ በኋላ ነው።»

ቀጥሎ ፊት የሚሸፍን ወንፊትና ጆሮ መድፈኛ ያለው ሄልሜት አጠለቀላት። ይሄኔ ጀማሉዲን፣ እስከዚያ ድረስ ከሩቅ ሲያዳምጡ የቆዩት፣ ቀረብ አሉ።

«ጆሮዋ እንዲህ ከተደፈነ እኔ ስጠራት በምን ትሰማኛለች?»

«አይጥሯትም ጋሼ» አለ ሂሻም። «ከኋላዋም እንዳይጠጓት። ሰው ከኋላ ሲነካው ደንግጦ ይዞራል፤ እሷ ስትዞር ደግሞ ስለቱም አብሯት ነው የሚዞረው። ዞረው ፊት ለፊቷ ይሂዱ፣ የምታይዎ ቦታ ራቅ ብለው ይቁሙና እጅዎን ከፍ ያድርጉ። በቃ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጀማሉዲን ሥራ ይሄው ሆነ። ከመከርከሙ በፊት አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ይዞሩታል፤ በዱላቸው ቅጠሉን እየገለጡ የተቀበረ ሽቦ፣ የተወረወረ ጠርሙስ፣ የተረሳ ችካል ይለቅማሉ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ራቅ ብለው ይቆማሉ። አንድ ቀን በርሳቸውም ዱላ ያልተገኘ የእሾህ ሽቦ ስለቱ ጥርስ ውስጥ ተሰነቀረና ማሽኑ ሲያቃስት፣ የጣይባ ቀኝ እጅ ራሱን ችሎ ወደ ስለቱ ሄደ። ቀና ስትል የአባቷ እጅ ወደ ሰማይ ተዘርግቷል። ጣቷ ባለበት ቀረ። ሞተሩ እኮ አልጠፋም ነበር! አጠፋችው፣ የካንዴላውን ገመድ ነቀለች፣ ሽቦውን በፒንሳ አወጣች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን ስታያቸው ቆየች። አባቷ አልተቆጧትም። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብቻ ነው ያሏት፤ «እጅ ከልብ ይቀድማል። ልብሽ እስኪደርስ ማቆየት ነው።»

የደሴው ሥራ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሆጤ የሚኖሩ መምሬ ኃይለ ሚካኤል የሚባሉ ቄስ፣ አባታቸው የተከሉት የኮሽም አጥር ነበራቸው። በጦርነቱ ክፉ ዓመታት ሰው ነፍሱን እንጂ አጥሩን የሚያይበት ጊዜ አልነበረውምና፣ ኮሽሙ ያለ ከልካይ አድጎ ከቤቱ ጣሪያ እኩል ሆነ። ግቢው ጨለመ፤ ጓሮ የተዘራው ጎመን ፀሐይ አጥቶ መነመነ። ልጃቸው ጸጋው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ኮምቦልቻ ወርዶ ሳለ የጣይባን ሥራ አይቶ ኖሮ፣ «አባቴን ከዚህ ጫካ አውጡልኝ» ሲል ለመናቸው።

ጣይባ ከመነሳታቸው በፊት የማሽኑን ታንክ አሟጣ ባዶ አደረገች፤ ስለቱንም አፎቱ ውስጥ ከተተችው። የሚኒባሱ ረዳት ማሽኑን ሲያይ ፊቱን አኮማተረ።

«ቤንዚን ካለበት አላሳፍርም፤ ሀረጎ ዳገት ላይ እንድንነድ ነው?»

«አሽትተው» አለችው።

አሸተተ፤ ከኋላ ወንበር ሥር አስገባላት። ሀረጎን ሲወጡ የኮምቦልቻ ሙቀት ከኋላቸው ቀረ፤ ደሴ ሲደርሱ ከተማዋ በጉም ተጠቅልላለች፤ ጦሳ ተራራ አለ ቢባል እንጂ አይታይም።

መምሬ ኃይለ ሚካኤል ነጭ ጋቢ ደርበው በር ላይ ጠበቋቸው። አጥሩን ሲያዩ ጀማሉዲን ቆም አሉ። የኮሽሙ ግንድ እንደ ሰው ጭን ወፍሯል፤ እሾሁ ከጣት ይረዝማል፤ ቢጫ ፍሬው ውስጥ ለውስጥ እንደ ፋኖስ ያበራል።

«አባትዎ ናቸው የተከሉት?» አሉ።

«አዎ። እኔ ውሃ አጠጣ ነበር» አሉ መምሬ። «እንዲቆረጥ አልፈልግም። እንዲታይ ነው የምፈልገው።»

«ገባኝ» አሉ ጀማሉዲን። «እንግዲያውስ ቀስ ብለን ነው የምንሠራው። ወፍራም ወፍራሙን አስቀድመን በመጋዝ እንቀንሳለን፤ ማሽኑ የሚገባው ለቀጭኑ ብቻ ነው። መሰላል ላይ ቆሞ ማሽን መያዝ የለም፤ ቁመቱን ደረጃ በደረጃ እናወርደዋለን።»

ቤንዚኑን ጸጋው ከባጃጁ ቀዳላቸው። ጣይባ ከአጥሩ ራቅ ብላ፣ ሜዳ ላይ፣ የሞተር ዘይቱን በልኩ ቀላቅላ ሞላች፤ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገች፤ ማሽኑንም ከሞላችበት ቦታ ሌላ ዘንድ ወስዳ ነው ያስነሳችው። ጸጋው በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ፈገግ አለ።

«ቅዳሴ ነው የሚመስለው» አለ።

«ቅዳሴስ ቢሆን ምን አለበት?» አሉ አባቱ።

ሁለት ቀን ሙሉ በመጋዝ ሲቆርጡና ሲጎትቱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ በደንብ ሠራ። ጣይባ ሁለት እጇን አጥብቃ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ስለቱን ከወገቧ ወደ ውጭ እንደ ማጭድ እየመለሰች ሄደች። ቅጠሉ እንደ በረዶ ይረግፋል። ከኋላዋ የቀረው አጥር ከደረቷ ከፍ ሳይል ለጥ ብሎ ተስተካከለ፤ ከፊቷ ያለው ገና ከራሷ በላይ የቆመ ጫካ ነው። ብርሃን ለብዙ ጊዜ ሳይገባበት የኖረ ግቢ ውስጥ እየሰፋ ሲገባ መምሬ ከደረጃው ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

የዙሁር አዛን ሲሰማ ጀማሉዲን እጃቸውን አነሱ፤ ጣይባ ሞተሩን አጠፋች።

«መስጊድ ደርሼ ልምጣ። እስክመለስ ይረፍ።»

«አባዬ፣ ሞተሩ ሞቋል፣ እጄም ለምዷል። ይቺን እስከ ጥጉ ላድርስና እኔም እሰግዳለሁ። እባክዎ።»

አመነቱ። አጥሩ ተፈትሿል፤ መሬቱም ደልዳላ ነው። ወደ ጸጋው ዞሩና፣ «አንተ፣ ዓይንህን ከሷ አትንቀል፣ አደራ» አሉት።

ጸጋው አደራውን ተቀበለ። እንዴት እንደሚጠበቅ ግን አልነገሩትም፤ እርሱም አልጠየቀም። ጣይባ ሄልሜቷን ደፍታ ጆሮዋን ስትደፍን፣ እርሱ ከኋላዋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አባቷ ከሄዱ በኋላ ጉሙ ተገፈፈ። ፀሐይ ድንገት ወጣች፤ የጦሳ ጎን ከነአደይ አበባው ወለል ብሎ ታየ። ጣይባ ግን ዓይኗ የስለቱ ጫፍ ላይ ነው። ጆሮዋ ውስጥ ያለው የራሷ ትንፋሽና ከሩቅ እንደሚመጣ የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው። የፊት መሸፈኛዋ ላይ ቅጠል ተለጥፎ ዓለሙ ሁሉ በወንፊት ቀዳዳ ነው የሚታያት። ትንንሽ ቡናማ ነገሮች በፊቷ ውር ውር ሲሉ አየች፤ የቅጠል ብናኝ መሰላት።

መጀመሪያ ያዩት መምሬ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ከጎረቤቱ ባሕር ዛፍ በላይ አንድ ጥቁር ነገር ተነሳ፤ ጭስ መሰላቸው። ጭስ ግን ነፋስ ሲገፋው ይበተናል፤ ይሄ እየተጠቀለለ፣ እየተፈታ፣ ደግሞ እየተጠቀለለ፣ ከነፋሱ ተቃራኒ ወደ እነሱ መጣ። መምሬ የገጠር ልጅ ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው።

«ንብ! መንጋ ነው! ልጅቱን፣ ልጅቱን!»

ጸጋው ከድንጋዩ ብድግ አለ። ሰማዩ በራሱ ላይ ሲጨልም አየ፤ መንጋው የግቢውን ጥግ ሞልቶ ባልተከረከመው ኮሽም ላይ መውረድ ጀመረ፤ ጣይባ ወደዚያው እየሄደች ነው። «ጣይባ!» ብሎ ጮኸ። «ጣይባ! ንብ!» አልሰማችም። እንዴትስ ትስማ? እንግዲህ ሰው ጮኾ ካልተሰማ የሚያደርገው ያው አንድ ነገር ነው፤ ትከሻዋን ይዞ ሊጎትታት ከኋላዋ ሮጠ።

«ጸጋው! እንዳትነካት!»

ድምፁ የመጣው ከአጥሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ነው። ጀማሉዲን ከመስጊድ ሲመለሱ ደረሱ። ጸጋው እጁን ዘርግቶ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ እንደ ተቸነከረ ቆመ። ሽማግሌው አልሮጡም። ንብ የሚሮጥ ሰው አይወድም። መንጋው መንገዱንም ሞልቶታል፤ በእሱ መካከል፣ ዝናብ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ልጃቸው ከቆመችበት ትይዩ ሲደርሱ፣ ከተከረከመው አጥር በላይ ደረታቸው እስኪታይ ቀጥ ብለው ቆሙና እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ይሄን ሁሉ ጩኸት ጣይባ አልሰማችም። የነገሯት በኋላ ነው። እሷ ያየችው፣ ከአጥሩ ማዶ አባቷ በሚፈላ ወርቃማ ጉም ውስጥ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ነው። ነጭ ኮፍያቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ፣ በተነሳው መዳፋቸው ላይ አንዳች ነገር ይንቀሳቀሳል። ፊታቸው ግን አልተቆጣም፣ አልፈራም። ለቅጽበት ያህል ሕልም መሰላት። ሩጪ፣ ጣይው አላት እግሯ። እሷ ግን ጣቷን ከነዳጅ መስጫው አነሳች። ማጥፊያውን ተጫነች። ስለቱ ጥርስ በጥርስ እየቆጠረ ሲያዘግም፣ ሲያዘግም፣ ሲቆም በዓይኗ አየችው። ማሽኑን ወደ ግራዋ፣ ሣሩ ላይ፣ ስለቱን ከራሷም ከሰውም አዙራ አስቀመጠች። ከዚያ ጆሮ መድፈኛዋን ከፍ አደረገች።

ሞተሩ ጠፍቷል፤ ድምፁ ግን አልጠፋም።

ሰማዩ ያጉረመርም ነበር። ከላይ፣ ከጎን፣ ከእግሯ ሥር፣ ከደረቷ ውስጥ ሳይቀር የሚወጣ የሚመስል አንድ ጥልቅ ድምፅ ዓለሙን ሞልቶታል። ፋብሪካ ውስጥ አንድ አዳራሽ ሙሉ የሽመና ማሽን በአንድ ጊዜ ሲነሳ ሰምታ ታውቃለች፤ ይሄ ግን ብረት የለበትም። ሕይወት ብቻ ነው። ጥርሷ ላይ ሳይቀር ተሰማት። በእጇ ይዛው የነበረው፣ አባቷ አውሬ ያሉት ማሽን፣ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሲታይ የሕፃን መጫወቻ መሰለ።

«አትንቀሳቀሺ» አሉ አባቷ በለሆሳስ። «ቤት የላቸውም፤ የሚጠብቁት ነገር የለም፤ ካልነካሻቸው አይነኩሽም። አብሽሪ ልጄ።»

ንቦቹ የፊት መሸፈኛዋ ወንፊት ላይ አረፉ። በሽቦው ቀዳዳ ሆዳቸውን፣ እግራቸውን፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ክንፋቸውን አየች። ጓንቷ ላይ ሰፈሩ፤ የካፖርቷ እጅጌ ላይ ተርመሰመሱ። ክብደት አላቸው! አንዲት ንብ ምንም አትመዝንም፤ ብዙ ሲሆኑ ግን እጅጌዋን ወደ ታች ሲጎትቱት ተሰማት። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ «ያ ረቢ» አለች። ፍርሃቷን ፈልጋ አጣችው። የት እንደ ሄደ አታውቅም፤ በቦታው ሌላ ነገር ገብቶ ነበር፤ አልቅሺ አልቅሺ የሚል፣ ደግሞ ዝም በይ የሚል።

ከዚያ መንጋው አንድ ቃል እንደ ሰማ ሁሉ ዞረ። ከሷ አንድ ሁለት እርምጃ ፊት ለፊት፣ ስለቷ ሊደርስበት የነበረው የኮሽም ቅርንጫፍ ላይ፣ ጥቂቶች አረፉ፤ በጥቂቶቹ ላይ ብዙዎች፤ በብዙዎቹ ላይ የቀሩት ሁሉ። ከእጅጌዋ ተነሱ፤ ከአባቷ ጢም ተነሱ። እርስ በርስ እግር ለእግር ተያይዘው እንደ ትልቅ የወይን ዘለላ ተንዠረገጉ። ቅርንጫፉ ጎበጠ። ሰማዩ ጠራ፣ ድምፁም እየሰከነ እየሰከነ ሄዶ እንደ ተኛ ሰው እስትንፋስ ሆነ።

«ሰፈሩ» አሉ መምሬ ከደረጃው ሥር። ሲያማትቡ እጃቸው ግንባራቸው ላይ ቆይቶ ነው የወረደው። «ስሙ ይመስገን። አውራዋ እዚያ መካከል ናት።»

ጣይባ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደች። ስትዞር ጸጋውን አየችው። እጁ እስካሁን እንደ ተዘረጋ ነው።

«ልይዝሽ ነበር» አላት። «ጮኼ ጮኼ አልሰማ ስትይ፣ ትከሻሽን ልይዝ ነበር።»

የት ጋ ቆሞ እንደ ነበር አየች። ስለቱ ከወገቧ ወደ ውጭ ሲመለስ የሚሄድበትን መንገድ በዓይኗ ለካችው። ሄልሜቷን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጀማሉዲን በበሩ ሲገቡ። አንድ ዓይናቸው ማበጥ ጀምሯል፤ ሁለት ንቦች ነድፈዋቸዋል። «ጠብቃት አልኩህ፣ አጠባበቁን ሳልነግርህ። አሁን ስማኝ። ይሄን ጆሮ መድፈኛ እንዳላደረገች ሰው ብታስባት ስህተት ነው። ከኋላ የለም። ሁልጊዜ ከፊት፣ ራቅ ብለህ፣ ታይተህ።»

ጸጋው የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ ክንዱን ይዘው አነሱት።

«አንተማ ልታድናት ነው የሮጥከው» አሉት።

የዚያን ቀን ሥራው በዚያው አበቃ። ጣይባ ሰገደች፤ ከዚያ ከመንጋው ትይዩ፣ መምሬ ባወጡላት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ሁሉም ከበር ላይ ጮክ እያለ ይመጣና ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። የላይኛው ንቦች እርስ በርስ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ጉም ቢወርድ እንዳያርሳቸው ሲያደርጉ ጣይባ አየች። ከመካከላቸው አንዳንዷ ከላይ ወጥታ ጭራዋን እያወዛወዘች በጀርባቸው ላይ ትሽከረከራለች፤ ሌሎቹ ይከተሏታል።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች።

«ቤት ፍለጋ የሄደች ናት» አሉ መምሬ። «ያየችውን እየነገረቻቸው ነው። እኔ ያደግሁበት ቤት ሰባት ቀፎ ነበረን፤ አባቴ እንዲህ ሲያዩ ምክር ላይ ናቸውና ዝም በሉ ይሉን ነበር።»

ጸጋው ቀፎ ፍለጋ ሄደ። መምሬ ግን፣ «ከፈለጉ ይገባሉ፣ ካልፈለጉ መንገዳቸው ነው» አሉ።

አባትና ልጅ ማታውን ኮምቦልቻ ወርደው አደሩ፤ በማግሥቱ ተመልሰው ሀረጎን ሲወጡ ጣይባ ልቧ ቀድሟት ደሴ ገብቷል። መንጋው እዚያው ነበር። በሌሊቱ ቅዝቃዜ ተኮማትሮ አንሷል፤ ጉሙ ላዩ ላይ ጠል አንጠልጥሎበት ዕንቁ የለበሰ ይመስላል። የሞተ መሰላት። ጠጋ ብላ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ ግን ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ያ እስትንፋስ ይሰማል።

ፀሐይ ከአዝዋ ገደል በኩል ወጥታ አጥሩን ስትነካው ዘለላው ተነቃነቀ። መጀመሪያ ከሥሩ ጥቂት ተንጠባጠቡ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ተፈታ ክር፣ ሁሉም ተነሱ። ያ ድምፅ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ አደረገ። መንጋው በቤቱ ጣሪያ ላይ አንዴ ዞረ፣ ዳግመኛ ዞረ፤ ከዚያ አንድ ልብ ሆኖ ከሆጤ ጣሪያዎች በላይ፣ ከስልክ ማማው በላይ፣ አደይ አበባ ወደ ለበሰው ጦሳ ተሻገረ። ጀማሉዲን አንድ ዓይናቸው አብጦ ስለ ተዘጋ በአንዱ ብቻ ነው የተከተሉት።

ጸጋው አሮጌ ቀፎ ባጃጁ ጣሪያ ላይ አስሮ የደረሰው ይሄኔ ነው።

«የታሉ?» አለ።

አባቱ በጣታቸው ተራራውን አሳዩት። ጸጋው ቀፎውን ቀና ብሎ አየው፣ ተራራውን አየው፣ ራሱን ነቀነቀና ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ።

ጣይባ የስለቱን ጥርስ ፈተሸች፣ መፈታት የጀመረውን ብሎን አጠበቀች፤ ከዚያ ሄልሜቷን አጠለቀች። የቀረውን አጥር ስትከረክም ጸጋው ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ፣ እንደ ወታደር ቆሞ ጠበቃት። መንጋው የነበረበት ቅርንጫፍ ጋ ስትደርስ ግን ጣቷ አልታዘዘም። ሞተሩን አጠፋች። ስለቱ ሲቆም አይታ ማሽኑን አስቀመጠች፤ ጓንቷን አወለቀችና በእሾሁ መካከል እጇን በጥንቃቄ አስገባች።

ቅርንጫፉ ላይ አንድ ነጭ ነገር ተጣብቋል። ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አዲስ ሰም ነው፤ ገና ማንም ያልኖረበት። ትንንሽ ባለስድስት ጎን ክፍሎች፣ አንዱ ከሌላው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ ተጀምረው ቀርተዋል። ትንሿን ቅርንጫፍ በእጅ መቀስ ቆርጣ ይዛ ወጣች። ጀማሉዲንና መምሬ ራስ ለራስ ገጥመው አጎነበሱባት።

«እኔ አጥር ሳቀና ኖርኩ» አሉ ጀማሉዲን በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ነገር ግን በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።»

«አንድ ሌሊት ብቻ አድረው ለሚሄዱ!» አለ ጸጋው ከማዶ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ። «ታዲያ ለምን ጀመሩት?»

ጣይባ ቅርንጫፏን ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገቻት፤ ብርሃኑ በሰሙ አለፈ፤ ክፍሎቹ አንድ በአንድ አበሩ።